ደመወዝ የሌላቸው ዘበኞች

አቆስጣ የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን የምናውቀው ከኦሪት ዘጸአት ነው። እዚያ ላይ የተጠቀሰው ቁርበቱ ነው፤ ለድንኳን መደረቢያ እንዲሆን። የዕብራይስጡ ቃል የትኛውን እንስሳ እንደሚያመለክት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ዛሬ በአማርኛ አቆስጣ ስንል ግን እግሩ እንደ መቅዘፊያ የሆነውን፣ ባሕር ውስጥ አሣ አድኖ አሸዋ ላይ የሚተኛውን አጥቢ እንስሳ ማለታችን ነው። ስሙ ወደ እኛ በቁርበቱ በኩል መምጣቱ አይገርምም። የእንስሳው ታሪክ ራሱ ለብዙ ዘመን የቁርበትና የዘይት ታሪክ ነበር።

ኮሎምበስ በ1494 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በካሪቢያን ባሕር ሲዘዋወር፣ መርከበኞቹ አሸዋ ላይ ተኝተው ያገኟቸውን ስምንት አቆስጣዎች ገደሉ። ከዚያ በኋላ የመጣውም ሁሉ እንደነሱ አደረገ። የካሪቢያን አቆስጣ ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጠኝነት የታየው በ1952 ሲሆን፣ ጠፍቷል ተብሎ በይፋ የተነገረው በ2008 ነው። በመካከሉ 56 ዓመት አለ። የመጨረሻው አቆስጣ የትና መቼ እንደሞተ የሚናገር ሰው የለም። ማን ቆጥሮት?

የዚህ የጠፋው እንስሳ ዘመድ በሰላማዊ ውቅያኖስ፣ በሃዋይ ደሴቶች ይኖራል። የአንገቱ ቆዳ እንደ ቆብ ስለሚተጣጠፍና ብቸኝነትን ስለሚወድ ፈረንጆች «መነኩሴ አቆስጣ» ይሉታል። የሃዋይ ሰዎች ደግሞ «በሚናወጥ ውሃ ውስጥ የሚሮጥ ውሻ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አላቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዳኞችና መርከበኞች ለቁርበቱ፣ ለዘይቱና ለሥጋው ሲሉ ፈጁት። የተረፈው ሰው በማይኖርባቸው በሰሜን ምዕራብ ትንንሽ ደሴቶች ተሸሸገ።

እዚያም ሰላም አላገኘም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከዚያ በኋላ ወታደር ወደነዚህ ደሴቶች ገባ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ ቆጣሪዎች አንዱ የነበረው ካርል ኬንየን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲቆጥር ወታደሮች በሰፈሩበት በሚድዌይ እንስሳው ተመናምኖ አገኘው። በኩሬ ደሴትም ማንም ጥይት አልተኮሰም። ሰውና ውሻ በባሕሩ ዳር መመላለሱ ብቻ በቂ ነበር። እናቶቹ ከተመቻቸው አሸዋ ሸሽተው ማዕበል በሚመታው ደለል ላይ ወለዱ፤ ግልገሎቹም አለቁ። እንግዲህ ለመግደል ክፋት አያስፈልግም ማለት ነው። አለማወቅ ይበቃል።

በ1976 የአሜሪካ መንግሥት መነኩሴውን አቆስጣ ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ አስገባው። በኋላም ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ አቆስጣዎቹ ሰው ወደሚበዛባቸው ትልልቅ ደሴቶች፣ ወደ ካዋይና ወደ ኦዋሁ፣ እየበዙ መጡ። ዓሣ አጥማጁ አጉረመረመ፤ «መንግሥት ነው ያመጣብን፤ አሣችንን ሊያስበላብን!» አለ። ወሬው መነሻ አልነበረውም አይባልም። በ1994 ከላይሳን ደሴት 21 አቆስጣዎች ወደ ትልልቆቹ ደሴቶች ተወስደዋል። ነገር ግን 21ዱም ወንዶች ነበሩ። ወንድ አይወልድ! ግልገል ይዘው የታዩት በራሳቸው ጊዜ የመጡት ሴቶች ናቸው።

ይህን ማስረዳት ግን ቀላል አልነበረም። ደሴቶቹ በ1898 ወደ አሜሪካ ከተጠቀለሉ ወዲህ ሰዉ ከሩቅ ዋና ከተማ የሚመጣ ትእዛዝ ሰልችቶታል። በ2009 በካዋይ አንድ ሰው እርጉዝ አቆስጣ በጥይት ገድሎ 90 ቀን ታሰረ። ቅጣቱ አነሰ ተባለና በ2010 የሃዋይ ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 50 ሺህ ዶላር አደረሰው። ታዲያ በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ በሞሎካይና በካዋይ ሌሎች አቆስጣዎች ተገድለው ተገኙ። ሕጉ ከብዷል፤ ግን ሕግ በየባሕሩ ዳር ቆሞ አያድርም።

ቆሞ የሚውለው ሌላ ሰው ነው። ጡረተኛው፣ ተማሪው፣ ከሥራ መልስ ጥቂት ሰዓት ያለው ሁሉ በበጎ ፈቃድ ይመዘገባል። አቆስጣ አሸዋ ላይ ወጥቷል ሲባል ይመጣል፤ እንጨት ተክሎ፣ ገመድ ወጥሮ፣ ምልክት ሰቅሎ ይቆማል። ከተኛ አቆስጣ ቢያንስ 15 ሜትር፣ ከእናትና ግልገል 45 ሜትር መራቅ እንደሚገባ ያስረዳል። «ታሟል መሰለኝ፣ ወደ ውሃው እንግፋው?» የሚለውንም «ኧረ ተዉት፣ ማረፉ ነው» ይለዋል። ከዚያ ይመዘግባል፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የኋላ መቅዘፊያው ላይ ያለውን ቁጥር፣ ጠባሳውን፣ መንጠቆ ውጦ ወይም መረብ ተጠምጥሞበት እንደሆነ። ጥሩ እረኛ ከብቱን በመልክ እንደሚያውቅ፣ እነሱም እያንዳንዱን አቆስጣ ለይተው ያውቃሉ። መንጠቆ የዋጠው ሲገኝ ለባለሙያ ይደወላል።

ፖሊስ አይደሉም፤ የማሰር ሥልጣን የላቸውም። ጉልበታቸው ያለው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ዓሣ አጥማጁን የሚያነጋግረው መለዮ ለባሽ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ?

በ2017 ሮኪ የምትባል አቆስጣ በዋይኪኪ፣ ጎብኚ በሚርመሰመስበት በካይማና ባሕር ዳር ወለደች። እናት አቆስጣ ግልገሏን አምስት ስድስት ሳምንት ስታጠባ እህል ውሃ አትልም፤ ሰውነቷ እያየነው ያልቃል። ያን ሁሉ ሳምንት በጎ ፈቃደኞች በተራ ቆሙ። ግልገሏም አድጋ፣ ሰው ወደማይበዛበት ስፍራ ተወሰደች። በ2022 ግን ይህችው ሮኪ እዚያው ሌላ ግልገል ይዛ ሳለች አንዲት ዋናተኛ አቆሰለች። ገመድ አሸዋ ላይ ይወጠራል እንጂ ባሕር ላይ አይወጠርም። ጥበቃውም ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው።

ዛሬ የሃዋይ መነኩሴ አቆስጣ ወደ 1,600 ገደማ ይገመታል። ከነዚህ 400 ያህሉ ሰው በሚኖርባቸው ደሴቶች ናቸው። ለአሥርተ ዓመታት ሲያሽቆለቁል የነበረው ቁጥር ከ2013 አካባቢ ወዲህ ቀስ እያለ አድጓል። ይህ የበጎ ፈቃደኞቹ ሥራ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሐኪምም፣ ተመራማሪም፣ ሕግም አለበት። ብቻ አንድ ነገር ተለውጧል። በካሪቢያን የመጨረሻው አቆስጣ ሲሞት ያየ ሰው የለም። በካዋይ አንዱ ለጥቂት ሳምንት ከተለመደው አሸዋ ቢጠፋ፣ «የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት አለው።