የትምህርት ደረጃና ሲጋራ ማጨስን የማቆም ስኬት

ሲጋራ ማጨስን ለማቆም የሚደረግ ጥረት ውጤት በአጫሹ ቁርጠኝነት ብቻ የሚወሰን አለመሆኑን፣ የትምህርት ደረጃና የኑሮ ሁኔታም ጉልህ ድርሻ እንዳላቸው በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ።

የአሜሪካ የጤና ዋና ኃላፊ የነበሩት ሉተር ቴሪ ማጨስ የሳንባ ካንሰር እንደሚያስከትል የሚገልጸውን ሪፖርት ይፋ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በጥር 1964 እንደነበር ይታወሳል። እ.ኤ.አ. በ1965 ከአገሪቱ አዋቂዎች 42 በመቶ ያህሉ አጫሾች ነበሩ፤ አኃዙ በ2021 ወደ 11.5 በመቶ ዝቅ ብሏል።

ይሁን እንጂ ለውጡ ሁሉንም በእኩል አላዳረሰም። በዚሁ በ2021 ከድኅረ ምረቃ ትምህርት ካጠናቀቁት መካከል የሚያጨሱት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ የሁለተኛ ደረጃ አቻ የምስክር ወረቀት በፈተና ካገኙት መካከል ግን 30.7 በመቶው አጫሾች ነበሩ። ልዩነቱ ማጨስ በሚጀምሩትም ሆነ በሚያቆሙት ሰዎች ብዛት የሚገለጽ ነው።

የተማረው ክፍል ይበልጥ የሚሳካለት የማቆም ፍላጎት ስላለው ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በማስረጃ አይደገፍም። በእንግሊዝ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አጫሾችን በሥራ መደባቸው ከፋፍሎ ሲመለከት፣ ለማቆም በመሞከር ረገድ የጎላ ልዩነት አላገኘም። የተሳካላቸው ድርሻ ግን በዝቅተኛው መደብ ከከፍተኛው ግማሽ ያህል ብቻ ነበር።

ለዚህም በርካታ ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። የኒኮቲን ሱሱ የበረታ መሆን፣ በቤትና በሥራ ቦታ የሚያጨሱ ሰዎች መብዛት፣ የኑሮ ጭንቀትና የሕክምና ወጪ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በጽሑፍ ብቻ የሚሰራጭ ትምህርትም ማንበብ ለማይችለው አጫሽ አይደርስም።

የባለሙያ ምክርና መድኃኒት የስኬት ዕድልን እንደሚጨምሩ ተረጋግጧል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካ አጫሾች 68 በመቶው ማቆም እንደሚፈልጉ ቢገልጹም፣ ለማቆም ከሞከሩት መካከል በምክር ወይም በመድኃኒት የታገዙት ከሦስት አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። በብሪታንያ ሐኪሞች ላይ ለ50 ዓመታት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት ደግሞ በ30 ዓመት ዕድሜ ያቆመ ሰው 10 ዓመት ያህል፣ በ60 ዓመት ያቆመም 3 ዓመት ያህል ዕድሜ እንደሚያተርፍ አሳይቷል።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 822/2006 ያጸደቀች ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በዝግ የሥራ ቦታዎች ማጨስን ይከለክላል፤ በሲጋራ ማሸጊያ ላይም በሥዕል የተደገፈ ማስጠንቀቂያ እንዲኖር ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደ አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት መሠረት 15 ዓመት ከሞላቸው ኢትዮጵያውያን 5 በመቶው የትምባሆ ተጠቃሚዎች ነበሩ።

በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ ኃላፊዎች ክልከላውን ከማስከበር ጎን ለጎን እገዛው ለሁሉም ሠራተኛ እንዲደርስ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። የጥበቃ፣ የጽዳትና የጉልበት ሠራተኞች መልእክቱን በቃል የሚሰሙበትና ከሥራ ሰዓታቸው ሳይቀነስ ወደ ጤና ተቋም ሄደው ምክር የሚያገኙበት አሠራር ከተዘረጋ፣ የትምህርት ደረጃ የፈጠረውን ልዩነት ማጥበብ ይቻላል።