ድንበር ላይ የተያዘው ፍሬ

ኮንትሮባንድ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሲጋራ፣ ሞባይል ወይም ልባሽ ጨርቅ ነው፡፡ ከሜክሲኮ ወደ ካሊፎርኒያ ግን ለዓመታት በድብቅ ሲገባ ከኖረው ዕቃ አንዱ የእሾሃም ዛፍ ፍሬ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተቆጣጣሪዎች በየገበያው እየዞሩ ከወረሷቸው ሕገወጥ ፍራፍሬዎች መካከል በብዛት አንደኛ የነበረው ይኸው ፍሬ ነው፡፡ ስሙ ቴሆኮቴ ይባላል፡፡

ለመሆኑ ቴሆኮቴ ምንድን ነው? ፈረንጆች ሃውቶርን ከሚሏቸው ዛፎች አንዱ ነው፡፡ የፖም ዘመድ ነው፤ ለእኛ ቀጋም የሩቅ ዘመዱ ነው፤ ሦስቱም የሚመደቡት በጽጌረዳ ቤተሰብ ውስጥ ነው፡፡ በሜክሲኮ ደጋ ይበቅላል፣ ነጭ አበባ ያብባል፣ የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ሲል ደግሞ ቢጫና ብርቱካንማ ፍሬ ይሰጣል፡፡ ጥሬውን ለሚበላው ዱቄት ዱቄት ይላል፡፡ ሲቀቀል ግን ሌላ ነው፤ ይለሰልሳል፣ መዓዛው ቤቱን ይሞላል፡፡ በውስጡ ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን የሚባል ነገር በብዛት አለው፡፡

ስሙ ራሱ ታሪክ ነው፡፡ የመጣው ከአዝቴኮች ቋንቋ ከናዋትል ሲሆን፣ «ቴሾኮትል» ማለት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ኮምጣጣ ፍሬ ማለት ነው፡፡ እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1519 ስፔኖች ሲደርሱ ዛፉም ስሙም ቀድመው ነበሩ፡፡ ስፔኖቹ ሸንኮራ አገዳና ቀረፋ ይዘው መጡ፤ ካህናቱም ከገና በፊት ያሉትን ዘጠኝ ቀናት በጸሎትና በድግስ ማክበርን አስተማሩ፡፡ ሕዝቡ በዓሉን ተቀበለ፤ ማሰሮው ውስጥ ግን የራሱን ፍሬ ጨመረ፡፡ ፖንቼ የሚባለው ትኩስ የገና መጠጥ ዛሬም የሚፈላው ከቴሆኮቴ፣ ከዘይቱን፣ ከሸንኮራ፣ ከቀረፋ ነው፤ አንዳንዱ ቤት የእኛ ቆላ የሚያውቀውን ሁመርም ይጨምርበታል፡፡ በሙታን መታሰቢያ ቀን ለሟቾች በሚዘጋጀው ገበታ ላይም ቴሆኮቴ አይጠፋም፡፡ ገበሬው ደግሞ የፖምና የፒር ቅርንጫፍ በቴሆኮቴ ግንድ ላይ እየተከለ ያሳድጋል፤ መጤው ፍሬ በሀገሬው ሥር ይቆማል ማለት ነው፡፡

ታዲያ ይህን ያህል የከበረ ፍሬ እንዴት ኮንትሮባንድ ሆነ? ሜክሲኳውያን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሆነው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ ትኩሱ ቴሆኮቴ ግን አብሯቸው እንዳይገባ ተከለከለ፡፡ ክልከላው የንቀት አልነበረም፤ ፍሬው የእርሻ ተባይ ይዞ ሊገባ ይችላል የሚል ስጋት ነበር፡፡ በጠርሙስ የታሸገው መግባት ይችል ነበር፡፡ ግን ለፋሲካ የታሸገ ዶሮ ወጥ ቢሰጡህ ምን ትላለህ?

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሀገር የሆነው ነው፡፡ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ረግረግ ቦታዎች ሜይሃው የሚባል የሃውቶርን ዘር አለ፡፡ ውሃ ላይ የሚረግፈውን ፍሬ ሰዎች በጀልባ ሆነው በመረብ ይለቅሙታል፤ ኋላ ላይ ግን ከረግረጉ አውጥተው በግቢያቸውና በእርሻቸው ይተክሉት ጀመር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2003 የሉዊዚያና ግዛት የሜይሃው ማርማላታን በሕግ ይፋዊ የግዛቲቱ ማርማላታ አደረገችው፡፡ አንዱ ወንድም በሕግ ሲሾም ሌላው በሕግ ይወረስ ነበር!

መፍትሔው የመጣው ከጓሮ ነው፡፡ ፍሬው እንዲህ የሚፈለግ ከሆነ ለምን እዚሁ አይተከልም ያሉ ነበሩ፤ በሳን ዲዬጎ አካባቢ ቴሆኮቴ እየተተከለ በሕጋዊ መንገድ ለገበያ ቀረበ፡፡ ዘሩ ቶሎ አይበቅልም፤ ልጡ ጠንካራ ነው፣ ቅዝቃዜም ይፈልጋል፡፡ ስለዚህ ብዙ ሰው የሚመርጠው ቅርንጫፉ ከሌላ ግንድ ጋር የተጣበቀውን ችግኝ ነው፡፡ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ከሜክሲኮ የሚመጣውን ትኩስ ቴሆኮቴ በቅድመ ሁኔታ ፈቀደች፡፡

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር፡፡ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ማስጠንቀቂያ አወጡ፡፡ «የቴሆኮቴ ሥር» ተብሎ ለክብደት መቀነሻ በኢንተርኔት የሚሸጠው ሲመረመር ልብን የሚጎዳ ሌላ መርዛማ ተክል፣ ቢጫ ኦሊያንደር፣ ሆኖ ተገኘ፡፡ ዛፉን በጓሮዋ ያሳደገች እናት ማሰሮዋ ውስጥ የምትጨምረው ፍሬውን እንደሆነ ታውቃለች፡፡ የተታለለው ስሙን ብቻ የሚያውቀው ገዢ ነው፡፡

እኛስ? በርበሬና ሽሮ በሻንጣ ጠቅጥቀን ባሕር የምንሻገር ሕዝብ ስለሆንን የሜክሲኳውያኑ ነገር አይጠፋንም፡፡ የሚጠፋን ሌላ ነው፡፡ አጋም፣ ቀጋና ኮሽም እንደ ቴሆኮቴ እሾሃም ናቸው፤ አጥር ይሆናሉ፣ ፍሬያቸውም ይበላል፡፡ ማንም አልከለከላቸውም፣ ማንም አልወረሳቸውም፡፡ ግን በኮንዶሚኒየም ካደግነው መካከል ኮሽምን ከአጋም ለይቶ የሚያሳይ ስንት አለ? አያቶቻችን ግን ያውቃሉ፡፡ በሚቀጥለው ዓመት በዓል ገጠር ስንወርድ ከአጥሩ ሥር አብረናቸው ቆመን ብንጠይቃቸውና አንድ ችግኝ ይዘን ብንመለስ ምን ይለናል? ለጊዜው በረንዳ ላይ በባልዲም ይበቅላል፡፡