አካታች ማስተማር (በከፍተኛ ትምህርት)

በባህልና በቋንቋ የተለያዩ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ውስጥ እኩል እንዲማሩ የገለጻ፣ የውይይትና የምዘና ስልትን ማስተካከል ነው። ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት ኢትዮጵያ ጉዳዩ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጎልቶ ይታያል፤ የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ የአፋርን፣ የወላይታንና የወሎን ልጅ አንድ ዶርም ያስገባቸዋልና።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃና ከፍተኛ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወስኗል። በወረቀት ሲታይ ቋንቋው ለሁሉም ባዕድ ስለሆነ ችግሩም እኩል ይመስላል። በተግባር ግን ነጥቡ ሲከብድ መምህሩ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አካባቢው ቋንቋ ይሻገራል። ቋንቋውን የሚያውቀው እፎይ ይላል፤ የማያውቀው ማብራሪያው በሙሉ ያመልጠዋል። ቀልዱም እንዲሁ፤ ጓደኞቹ ሲስቁ አብሮ ፈገግ ይላል እንጂ።

መላው ውድ አይደለም፦ ቁልፍ ቃላትን ሰሌዳ ላይ ጽፎ በቀላል እንግሊዝኛ መፍታት፣ ማስታወሻውን ከክፍል በፊት መስጠት፣ ቡድኖችን ቋንቋ አቀላቅሎ ማደራጀት። ከሁሉ የሚከብደው ዝምታን መረዳት ነው። በታላቅ ፊት አለመናገር በብዙ ቤት የጨዋ ልጅ ወግ ነው፤ ለክፍል ተሳትፎ ብቻ ነጥብ የሚሰጥ መምህር ግን አስተዳደጉን እንደ ስንፍና ይቆጥርበታል። ጥያቄን በጽሑፍ መቀበል እዚህ ላይ ይረዳል።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በተመለሰው የአንደኛ ዓመት የጋራ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ስለ አካታችነት የሚያስተምር ራሱን የቻለ ኮርስ ይገኛል፤ የሚሰጠውም በእንግሊዝኛ ነው።