ጋምቤላ፦ የባሮ ዳር ወደብ

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ከኢሉባቦር ደጋ ቁልቁል ወርዶ ጋምቤላ ከተማ ያደርሰናል። ዘመኑን የምንጠራው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ወደብ ሲባል ምጽዋ፣ አሰብና ጅቡቲ ቀድመው ትዝ ይሉናል። ምዕራብ ኢትዮጵያ ግን በወንዝ በኩል የራሱ በር ነበረው። ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ፣ ከካርቱም የተነሣ የእንፋሎት መርከብ ጋምቤላ ድረስ ይዘልቅ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የድንበር ውል ተፈራረሙ። የውሉ አራተኛ አንቀጽ በባሮ ዳር ባለችው ኢታንግ አቅራቢያ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ ይፈቅዳል፤ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ። ሁለት ገደቦችም ተጽፈዋል፦ ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ አይውልም፤ ኪራዩ የሚጸናውም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ መንግሥት ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው። ጣቢያው በመጨረሻ የተቆረቆረው ከኢታንግ ከፍ ብሎ፣ ጋምቤላ ላይ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ከጎሬና ከሳዮ ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ ቁልቁል ይወርድ ጀመር። ከመርከቡ ደግሞ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ሽቅብ ይወጣል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችም በዚህ ንግድ ተሠማሩ። ውኃው ሲጎድል መርከቡ ስለሚቀር፣ የዓመቱ ጭነት የሚጠብቀው ክረምቱን ነበር።

አድማጮቻችን፣ ውሉን ሁለት መንግሥታት ሲፈራረሙ የወንዙ ዳር ባለቤቶች አልተጠሩም። የአኙዋ ሕዝብ ግን ከመርከቡ በፊት በባሮ ዳር አሣ እያጠመደ፣ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ በቆሎና ማሽላ እየዘራ ይኖር ነበር። የአኙዋ ነገሥታት የዘር ሐረግም ከወንዝ ይነሣል። ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት፣ ልጆች በአሣ ሲጣሉ ከውኃ የወጣ አንድ ሰው ዳኛቸው፤ ነገሥታቱ የተወለዱት ከእሱ ነው። የንግሥናው ምልክት ኦቹዎክ የሚባለው የዶቃ ሐብል ነው። ለጥሎሽም ዲሙይ የተባለ ሰማያዊ ዶቃ ይሰጣል። ዲሙይ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ለእህት የመጣው ዶቃ ለወንድም ማግቢያ ይሆናል። በመንደር አለቃው የተከፋ ሕዝብ ተነሥቶ አለቃውን የሚሽርበት ሥርዓትም ነበረ። የኑዌር ሕዝብም በበኩሉ በጋ ሲገባ ከብቱን እየነዳ ወደ ወንዞቹ ይወርዳል፤ ክረምት ሲመጣ ወደ ከፍታው ይመለሳል። ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞም የዚሁ ምድር ነባር ሕዝቦች ናቸው።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ወረረች። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጋምቤላን ከጣሊያን እጅ ያስለቀቁት ከእንግሊዝ ጦር ጋር የተሰለፉ አፍሪካውያን ወታደሮች ናቸው። ከቤልጂየም ኮንጎ የመጣው ጦርም ስንቁንና ሰዉን በዚሁ የወንዝ መንገድ አሳልፎ ወደ ሳዮ፣ ወደ ዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ወጣ። በሰኔ 1933 ዓ.ም. መጨረሻ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ እዚያው እጁን ሰጠ። ለንግድ ብቻ ተብሎ የተሰጠው ዳርቻ የጦር መሸጋገሪያ ሆነ ማለት ነው።

በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃነቷን አወጀች። በምኒልክ ውል የተጻፈው ገደብም ደረሰ፤ በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ጋምቤላ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። የምዕራቡ ቡና ፊቱን ወደ አዲስ አበባና ወደ ጅቡቲ መስመር ሲያዞር፣ የመርከቡ ዘመን አበቃ።

ጋምቤላን ዳር አገር ብለን የምናልፍ ካለን፣ ይህን ታሪክ እናስብ። ከተማዋን ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው የወደቡን ዘመን ብቻ ጠይቆ እንዳይመለስ አደራ እንላለን። የንግድ ጣቢያው ውል በወረቀት ስለተጻፈ አይጠፋም። የኦቹዎክና የዲሙይ ታሪክ ግን በብዛት የሚኖረው በሽማግሌዎች አንደበት ነው። የአካባቢው ወጣቶች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ አባቶቻችሁና እናቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁንም በድምፅና በጽሑፍ አስቀሩት።