የታኮው ድንጋይ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ውጭው ዝናብ ነው፣ አቦሉ ተጠጥቷል፣ ቶናው ገና እየፈላ ነው፤ ስለዚህ የሚያስቸኩለን ነገር የለም። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አሮጌ መኪና ነው። አሮጌ ስል የተጣለ ማለቴ እንዳይመስላችሁ፤ እንደ አሮጌ ሰው ማለቴ ነው፣ ሲናገር የሚደመጥ፣ ሲነሣ ግን ክንዱን የሚይዝለት የሚፈልግ።

እኛ ጥቂት ሰዎች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ አዲስ አበባ፣ ዳገት ላይ ካለ አንድ ጋራዥ በረንዳ ሥር እንሰበሰባለን። አንደኛው የታሪክ መምህር የነበሩ ናቸው፤ አንደኛው ሐረር ተወልዶ ያደገ ልብስ ሰፊ ነው፤ አንደኛው መካኒክ ነው፣ ጋራዡም የእሱ ነው፤ አንደኛው ደግሞ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የፈጁ ሽማግሌ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔ የአንዲት ቮልስ ባለቤት ነኝ፣ ወይም እንደ መካኒኩ አባባል ቮልሷ የእኔ ባለቤት ናት። ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፦ ሁሉም በዓይኑ ያየውን፣ በእጁ የዳሰሰውን አንድ አሮጌ መኪና ያወራል፤ ሰምቶ ያወራ የሁላችንን ቡና ይከፍላል።

መምህሩ ሁልጊዜ ይከፍላሉ። የሚያወሩት ከእኛ አንዱም በዓይኑ ያላየውን የአጼ ምኒልክን መኪና ነውና። ባቡሩ ያኔ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድም የግመልና የበቅሎ ነበር፤ እና ቤድ ቤንትሊ የሚባል አንድ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪናውን ይዞ ከጅቡቲ ተነሣ፤ ከዚያም በረሃውን ተያያዘው፤ ከዚያም ገደል መጣ፤ በራሷ ጉልበት መውጣት ሲያቅታት በገመድ እየታሰረች በሰው ክንድ እየተሳበች ወጣች፤ እንዲህ እንዲህ እያለች በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሳያመነቱ ተሳፈሩባት። መምህሩ እዚህ ሲደርሱ ስኒያቸውን ያስቀምጡና፣ «እንግዲህ አስቡት» ይላሉ፣ «ሰው ልትሸከም የመጣችውን መኪና መጀመሪያ ሰው ተሸከማት።» ይህን ካሉ በኋላ ኪሳቸው ይገባሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ሒሳቡን ያስቀምጣሉ።

ቀጥሎ የሐረሩ ሰው ነው። እሱ የሚሠራው መኪና ግርግር በሚባለው ሰፈር ነበር፤ የሰፊዎቹ መኪና ከጧት እስከ ማታ ሲያጓራ ስለሚውል ነው ሰፈሩ ይህን ስም ያገኘው። ከዚያ ወጣ ብሎ ፈረስ መጋላ ላይ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡ ፔጆ 404ዎች ተሰልፈው መንገደኛ ይጠብቁ ነበር። ፈረንሳዮቹ 404ን የሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ነው፤ አገሩ ግን ሥራውን ካቆመ በኋላም ሐረር አላቆመችም፣ ታክሲዎቿ የልጅ ልጅ እስኪያዩ ድረስ በጀጎል ደጃፍ ሲመላለሱ ኖሩ። ማርሹ ከመሪው ሥር ስለሆነ መሐሉ ነፃ ነው፣ ስለዚህ ከፊት ሦስት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል።

ልጅ ሆኖ አንድ የዝናብ ቀን የአንዷ ባትሪ ደከመ አለን። ሾፌሩ ከኋላ ረጅም ቆልማማ ብረት አወጣና ከፊት ባለው ቀዳዳ አስገባው፤ ከዚያም ልጁን ጠራውና «ና አዙር» አለው፤ ከዚያም እጁን ይዞ አስተማረው፦ አውራ ጣትህን ከአራቱ ጋር በአንድ ወገን አድርግ እንጂ ብረቱን ዙሪያውን አትጨብጠው፤ ሞተሩ ሲነሣ ብረቱን ወደ ኋላ ሊመታው ይችላል፣ የጨበጠ ጣት ደግሞ ይሰበራል። ልጁም እንደተባለው አደረገ፣ ሞተሩም ተነሣ፣ ብረቱም እንደተፈራው መለሰ፣ ጣቱ ግን ተረፈ። እስከ ዛሬ ድረስ፣ መቀስ ሲይዝ እንኳ፣ አውራ ጣቱን አንዴ ያይና ነው የሚጀምር። ሲያወራን ጣቱን እያሳየን ነው፤ እኛም በየሳምንቱ አዲስ እንደሆነ ሁሉ ጎንበስ ብለን እናያለን።

የእኔ ተራ ሲደርስ ስለ ቮልስ አወራለሁ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ! ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣዋ ከፊት፣ ራዲያተር የላት፣ ውኃ አትጠጣ፣ በነፋስ ትበርዳለች። ዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ሠርቷታል፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የእኔዋ ከአጎቴ ናት የመጣችልኝ፤ ዝናብ ሲዘንብ የጎማ ምንጣፏ ሥር ትንሽ ኩሬ ትይዛለች፣ እኔም በጨርቅ እጨምቃለሁ። የቮልስ ወሬ ከተጀመረ ታዲያ መስከረም 2 ቀን 1967 መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን አጼ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በእንዲህ ያለች ቮልስ ነው። ስለ ዘመኑ የሚፈርድ ይፍረድ፤ እኔ የምላችሁ ስለ በሯ ብቻ ነው። ቮልስ ሁለት በር ናት፤ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የፊቱ ወንበር ይታጠፍለትና ጎንበስ ብሎ ይገባል። እዚህ ስደርስ በረንዳው ላይ ዝም ይባላል። ደስ ያለውም ያዘነውም አብሮ ዝም ይላል፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ቡና የምትቀዳው ልጅም እስክንመለስ ትጠብቀናለች።

መካኒኩ ወሬ አይወድም፣ ቃል ግን ይወዳል። ተንጋሎ መኪና ሥር እንደተኛ «ካቻቢቴ!» ይላል፣ «ፒንሳ!» ይላል፣ «ካንዴላውን አጥበህ አምጣ!» ይላል፤ ልጆቹም ያቀብሉታል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ማርሚታ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። «ጠላት በ1928 ገባ፣ በ1933 ወጣ» ይላል እጁን በቡትቶ እየጠረገ፣ «ዕቃውን ግን ስሙን እንደለጠፈበት ጥሎልን ሄደ፤ እኛም ማርከን ልጅ አድርገን አሳደግነው።» አሁን በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችን ድምፅ በሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየተሞላ ነው። ካንዴላ የላቸው፣ ማርሚታ የላቸው። ሆኖም አንድ ጎረቤታችን አዲስ ገዝቶ ሲመጣ መጀመሪያ ያሳየን ሊብሬውን ነበር፣ ቀጥሎ ታርጋውን። መካኒኩ ሳቀ። «አየኸው?» አለኝ፣ «ሞተሩ ሄደ፣ ቃሉ ቀረ።» ከዚያም ወደ ጋሼ ዞር ብሎ፣ «የእርስዎ ታኮም እኮ ጣሊያን ነው» አላቸው፣ «ተረከዝ ማለት ነው፤ ሴቶቹ ታኮ ጫማ የሚሉት እሱኑ ነው።»

ጋሼ ቀና አሉ። እሳቸውን የሚያናግራቸው ይህ ቃል ነው።

ጋሼ የኤንትሬ ሰው ናቸው። ፊያት 682 የሚባለውን የጭነት መኪና ጣሊያኖቹ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ከእነሱ መካከል ኤን 3 ተብሎ የመጣውን አገራችን በጣሊያንኛው ኤንትሬ ብሎ ተቀበለው፤ ተራራ የማይፈራ፣ ክፉ መንገድ የማይመርጥ አውሬ ነበር። ጋሼ በረዳትነት የተቀጠሩት በ1956 ነው፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሆነው። በዚያው ዓመት ደግሞ አገሩ በሙሉ ጎን ቀየረ፤ በግራ ይነዳ የነበረው መኪና ሁሉ በቀኝ ይነዳ ተባለ። የእሳቸው ኤንትሬ ግን መሪው በቀኝ በኩል ነው፤ ገደል አፍ ላይ ሾፌሩ የራሱን ጎማ ቁልቁል እያየ እንዲነዳ ተብሎ የተሠራ። ስለዚህ ከፊት ያለውን መኪና ለማለፍ ሾፌሩ አያይም፤ የሚያየው በግራ መስኮት የተቀመጠው ረዳት ነው። «ከዚያ ቀን ጀምሮ የጌታዬ ዓይን እኔ ሆንኩ» ይላሉ ጋሼ። «'እለፍ' ካልኩት ያልፋል፣ 'ቆይ' ካልኩት ይቆያል። የ14 ዓመት ልጅ ቃል ላይ ስንት ነፍስ እንደሚንጠለጠል ያወቅሁት ያኔ ነው።»

አንድ የነሐሴ ሌሊት ከአሰብ ጨው ጭነው ይመጣሉ። በሚሌ አልፈው፣ በባቲ አልፈው፣ ኮምቦልቻ አድረው፣ ከዚያም ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ውስጥ ላባቸውን ጠርገው፣ ከዚያም ደብረ ሲና ደርሰው የጣርማ በርን ዳገት ጀመሩት። ያን ዳገት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከታች በሸሚዝ ተነሥታችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው ዋሻ አፍ ላይ ስትደርሱ ጋቢ የሚያስናፍቅ ነው። ጉሙ ወረደ፤ መብራቱ ከአፍንጫው አላልፍ አለ፤ ሞተሩም እየጋለ መጣ። ሾፌሩ ቆመ፤ ረዳቱ ዘለለ። የእንጨቱ ታኮ ባቲ ላይ ተሰንጥቆ ነበርና ከመንገዱ ዳር ሁለት እጅ የሚሞላ ድንጋይ አንሥቶ ከኋላ ጎማ ሥር ወሸቀ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁ፣ ውኃ ጨመሩ፣ ከዚያም ኤንትሬው አጓርቶ ተነሣ፤ ሥርዓቱም የታወቀ ነው፦ መኪናው ሲሄድ ረዳቱ ታኮውን አንሥቶ፣ ሮጦ ደርሶ ይሳፈራል።

ልጁ ግን በረደው። ድንጋይ ነው፣ ዕቃ አይደለም፣ ማን ይጠይቀኛል አለና ትቶት ተንጠለጠለ። ትንሽ እንደሄዱ ሾፌሩ «ታኮውስ?» አለው። «ገደል ጣልኩት።» ከዚያ ወዲያ ቃል አልተነጋገሩም። ዋሻው አፍ ሲደርሱ ሾፌሩ መኪናውን ጥግ አስያዘና የውስጥ መብራቱን አብርቶ፣ «እጅህን አሳየኝ» አለ። ልጁ ዘረጋ። ያ ሁሉ ጭቃ ባለበት ሌሊት ከድንጋዩ ሥር ያለው ጭቃ በመዳፉ ላይ አልነበረም።

አልመታውም፣ አልተቆጣውም። ካቦርቱን አንሥቶ ለልጁ ደረበለትና እሱ በሸሚዙ ወረደ፤ ከዚያም ሁለቱ ቁልቁል በእግራቸው ሄዱ፤ ከዚያም በጉሙ ውስጥ እየዳበሱ፣ አስፋልቱን በእግራቸው ጠርዝ እያበሱ፣ ድንጋዩን አገኙት። ልጁ አንሥቶ ወደ ገደሉ ወረወረው፣ ሲንከባለል ሰሙት። ወደ ላይ ሲመለሱ ከታች መብራት መጣ፤ ሰው የጫነ አውቶቡስ ነበር፤ እያቃሰተ በአጠገባቸው አለፈ፣ ክላክሱን አንዴ ነካ አድርጎ፣ ደህና እደሩ እንደሚል ሰው። መስኮቱ ላይ የተኛች ሕፃን ጉንጭ ተለጥፎ አዩ። «አላወቁንም» ይላሉ ጋሼ። «የሚያውቁበትም ምክንያት የለም።» ከዚህ በላይ አይሉም፣ እኛም አንጠይቃቸውም።

ያለፈው ቅዳሜ ይህን ተርከው ሲጨርሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ መሽቶም ስለነበር ተነሣሁ። ቮልሴ እንደ ልማዷ ቁልፉን ሰምታ ዝም አለች። ሁሉም ወጡ፤ መምህሩ ዣንጥላቸውን አስቀምጠው፣ ልብስ ሰፊው አውራ ጣቱን አንዴ አይቶ፣ መካኒኩ እየተራገመ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ጎረቤታችንም አዲሱን ጫማውን ጭቃ ውስጥ ነክሮ ትከሻውን ሰጠ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፤ ገፉኝ፤ ቁልቁለቱ ተቀበለኝ፤ ለቀቅኩት፤ ተነሣች። ደስ ብሎኝ እጄን በመስኮት አውጥቼ አውለበለብኩ።

መታጠፊያው ጋ ስደርስ በመስታወቴ አየሁ። ሌሎቹ እየተሳሳቁ ወደ በረንዳው ተመልሰዋል። ጋሼ ብቻ መንገዱ መሐል ቀርተው፣ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በሌላው ከጎማዬ ሥር ወሽቄው የረሳሁትን ድንጋይ ያነሣሉ።