ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በምርምር ካርታ ላይ፦ የሳይንስ ቡድኖችን ትብብር ስለመለካት

አጠቃሎ

የሳይንስ ቡድኖች እንዴት እንደሚተባበሩና የምርምር ትኩረት ወዴት እንደሚያዘነብል የሚያጠናው ዘርፍ በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር ላይ ሲተገበር ምን ያሳያል? ምንስ ይሰውራል? ይህ መጣጥፍ ሁለቱን ጥያቄዎች ይመረምራል። መከራከሪያው አንድ ነው፦ በጥምር ደራሲነት ላይ ብቻ የቆመ መለኪያ እነዚህን ወረዳዎች ችግር የሚጠናባቸው ሥፍራዎች አድርጎ ያሳያል እንጂ፣ የዕውቀት ምንጭና ባለቤት መሆናቸውን አያይም።

1. መለኪያው

ዴሬክ ዴ ሶላ ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1963 የሳይንስን ዕድገት በቁጥር መርምሮ አሳተመ። በ1964 ደግሞ የዩጂን ጋርፊልድ የጥቅስ ማውጫ ታትሞ ማን ማንን ዋቢ እንዳደረገ መከታተል ተቻለ። ቩችቲ፣ ጆንስና ኡዚ በ2007 ባወጡት ጥናት 19.9 ሚሊዮን ጽሑፎችንና 2.1 ሚሊዮን የፈጠራ ባለቤትነት ሰነዶችን አገላብጠው፣ በሁሉም የዕውቀት መስክ ማለት ይቻላል ቡድን ግለሰብን እየተካ መምጣቱን አሳዩ። ዉ፣ ዋንግና ኢቫንስ በ2019 እንዳረጋገጡት፣ ትልልቅ ቡድኖች የተጀመረውን ያዳብራሉ፤ አዲስ አቅጣጫ የመክፈት ዝንባሌ ያላቸው ትንንሾቹ ናቸው።

እነዚህ ሥራዎች ሁሉ የተደገፉት በታተመ ስም፣ በተቋም አድራሻና በዋቢ ጽሑፍ ላይ ነው። ያልታተመ ድርሻ በመለኪያው ውስጥ ቦታ የለውም።

2. ስምና ሥፍራ

የመጀመሪያው እንቅፋት የስማችን ሥርዓት ነው። ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርገው ይወስዳሉ፤ እኛ ግን የምንጠራው በራሳችን ስም ሲሆን የሚከተለው የአባትና የአያት ስም ነው። ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖች በስፋት የጻፉት ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ አንዳንዴ በአባታቸው፣ አንዳንዴ በአያታቸው ስም ተመዝግበው ይገኛሉ። ይህን ያላስተዋለ ተንታኝ የአንዱን ሊቅ ሥራ ለሁለት ሰው ያከፋፍላል። በአንጻሩ የአባታቸው ስም የተመሳሰለ ሁለት ተመራማሪዎች እንደ አንድ ሰው ሊቆጠሩ ይችላሉ።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በላቲን ፊደል ወጥ አጻጻፍ የላቸውም። ጋይንት ላይና ታች ተብሎ በሁለት ወረዳ ተከፍሏል፤ እንዳቤት ከእስቴ ተለይቶ ራሱን የቻለ ወረዳ ሆኗል። ስለዚህ በአንድ አጻጻፍና በአንድ የወረዳ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው የጥናቶቹን ቁጥር ያሳንሳል፤ በዓመታት መካከል ያልነበረ የትኩረት ለውጥም ያነባል።

3. ካርታው የሚያሳየው

እንቅፋቶቹ ታርመው ካርታው ቢሠራ ሦስት ዘለላዎች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው የምግብ ዋስትና ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ተጠቃሚ በመሆናቸው የአጥኚዎችን ትኩረት ስበዋል። ለአብነት አረጋ ባዘዘው፣ ወልደአምላክ በውቀትና ሜላኒ ኒኮላው እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ላይ ጋይንት አባወራዎች የኑሮ ሀብትና ስልት በጋራ አሳትመዋል። ሁለተኛው ዘለላ ትራኮማ ነው። በዚህ ረገድ የአማራ ክልል ጤና ቢሮና የካርተር ማዕከል በደቡብ ጎንደር ለብዙ ዓመታት አብረው ሠርተዋል።

ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያን ደን ሲሆን፣ ስለ ትብብር ብዙ የሚያስተምረንም እሱ ነው። ዶ/ር ዓለማየሁ የዶክትሬት ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ አጠናቀቁ። ከፍራንክ ስተርክና ከፍራንስ ቦንገርስ ጋር በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፀዋትን መዝግበዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በከብት ላይ ያተኮረ ሙከራ ቀርቦ ነበር፤ ከብት እንዳይገባ መከልከል ለዛፎች መተካካት ያለውን ፋይዳ የመረመረ ነው።

በአንድ የሐሩር ክልል ሥነ ሕይወት ጉባኤ ዶ/ር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ተገናኙ። በኋላ ካህናትን ሰብስበው ከሰማይ የተነሡ የደን ምስሎችን አሳዩ። ካህናቱ የደኑን መመናመን ካዩ በኋላ የድንጋይ አጥርን መረጡ። ድንጋዩ ከማሳ ሲለቀም ለአራሹ መሬት ያስለቅቃል፤ አጥሩ ደግሞ ከብትን ከችግኝ ያርቃል። የኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ሌላ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን ከ2015 ምስሎች ጋር አስተያይቶ ደኖቹ በአመዛኙ ጸንተው መቆየታቸውን አሳይቷል።

በጥምር ደራሲነት ካርታ ላይ ይህ ታሪክ የዋኽኒንገን፣ የባሕር ዳርና የአሜሪካ ተቋማት ግንኙነት ብቻ ሆኖ ይታያል። ደኑን ለዘመናት የጠበቀው ደብርና መፍትሔውን የመረጡት ካህናት ግን በካርታው ላይ የሉም።

4. የቀደመው መረብ

ካርታው የማያየው ከዚህም የቀደመ ነገር አለ። የጋይንቱ ቤተ ልሔም ድጓ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ማስመስከሪያ ነው፤ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት። ከሌላ አገር ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ቤተ ልሔም ዘልቆ፣ በመምህሩ ፊት ዜማውን አድርሶና መጽሐፉን አርሞ ካላስመሰከረ ምሉዕ መምህር አይባልም ነበር። መምህር ከማን እንደተማረ ይጠየቃል፤ የመምህራን ሐረግ ከአፍ ወደ አፍ ይቆጠራል። በዘመናዊው አነጋገር ይህ የባለሙያዎች ምዘናና የዕውቀት ዘር ሐረግ ነው።

ኬይ ካውፍማን ሸለሜይና ፒተር ጄፈሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ሥራ፣ የኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ዜማ ባይኖር አይታሰብም ነበር። እንግዲህ ጋይንት በአንዱ ካርታ የእህል እጥረት ማሳያ፣ በሌላው ሊቃውንት የሚፈተኑባት ማዕከል ናት። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ብቻ መሣል ግን ማጉደል ነው።

5. ምን ይደረግ?

በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይም ደብረ ታቦር፣ በእነዚህ ወረዳዎች የተደረጉ ጥናቶችን የሚይዝ መዝገብ ቢያቋቁሙ ብዙ ይቃናል። መዝገቡ የተመራማሪውን ሙሉ ስም በግእዝ ፊደል፣ የቀበሌውንና የወረዳውን የቀድሞና የአሁን መጠሪያ ይያዝ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ጥናት አራት ጥያቄ ይመልስ፦ ጥያቄውን ማን አነሣ? መረጃውን ማን ሰበሰበ? መረጃው የት ተቀመጠ? ውጤቱ በአማርኛ ለማን ተነገረ?

በዚህ መዝገብ ላይ የሚሠራ ካርታ ገበሬውን፣ ካህኑን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና የድጓ መምህሩን ከትብብሩ ውስጥ ያሳያል። ተደጋግሞ የተጠናውንና ጨርሶ ያልተነካውንም ይለያል። አንድ ወረዳ ለሳይንስ ያበረከተውን በስሙ መጻፍ የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ መለኪያውን ትክክለኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።