የስፖርት ማርኬቲንግ ትምህርት

የስፖርት ማርኬቲንግ ትምህርት ስፖርት እንዴት ለገበያ እንደሚቀርብ፣ ሌሎች ምርቶችም በስፖርት አማካይነት እንዴት እንደሚተዋወቁና እንደሚሸጡ የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ዘርፍ ነው። በአብዛኛው በመጀመሪያና በሁለተኛ (ማስተርስ) ዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ራሱን የቻለ ዲግሪ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ግን የስፖርት ማኔጅመንት ወይም የቢዝነስ አስተዳደር ዲግሪ አንድ ክፍል ነው። ዘርፉ በዩናይትድ ስቴትስ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አህጉራት ተስፋፍቷል።

ትምህርቱ ከስፖርት ሳይንስና ከአሰልጣኝነት ትምህርት ይለያል። የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ሯጩ እንዴት እንደሚፈጥን ያጠናል። የስፖርት ማርኬቲንግ ተማሪ ግን የሚያጠናው ሩጫውን ማን እንደሚያይ፣ ለማየት ስንት እንደሚከፍል፣ በሯጩ መለያ ላይ ስሙን ማስፈር የሚፈልግ ድርጅትም ለከፈለው ገንዘብ ምን እንደሚያገኝ ነው።

የዘርፉ ሁለት ጎኖች

የመማሪያ መጻሕፍት ዘርፉን በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ስፖርትን ራሱን መሸጥ ነው። የስታዲየም ትኬት፣ የቴሌቪዥን ስርጭት መብት፣ የክለብ ማሊያና የአባልነት ክፍያ በዚህ ሥር ይመደባሉ። ሁለተኛው በስፖርት አማካይነት ሌላ ነገር መሸጥ ነው። ባንክ፣ አየር መንገድ ወይም የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ክለብን ስፖንሰር ሲያደርግ፣ ወይም ታዋቂ ስፖርተኛን ለማስታወቂያ ሲያስፈርም የሚሠራው ሥራ ይህ ነው።

ሁለቱ ጎኖች ብዙ ጊዜ በአንድ ውድድር ላይ ይገናኛሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. መስከረም 24 ቀን 2023 በበርሊን ማራቶን ኢትዮጵያዊቷ አትሌት ትዕግሥት አሰፋ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሽላ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታለች። ውድድሩ የሚካሄደው የመኪና አምራቹን የቢ.ኤም.ደብሊው ስም ይዞ ነው፤ ይህ የስያሜ መብት ሽያጭ ነው። አትሌቷ ያደረገችው ጫማ ደግሞ አዲዳስ በዚያው ወር በ500 ዶላር ዋጋ ለገበያ ያቀረበው አዲስ ሞዴል ነበር። አትሌቷ ከገባች በኋላ ጫማውን ከፍ አድርጋ ስታሳይ የተነሣችው ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ተሰራጭቷል። አዘጋጁ ውድድሩን ሸጧል፣ አምራቹም በውድድሩ ጫማውን አስተዋውቋል።

አመጣጥ

የስፖርት አስተዳደር ትምህርት መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው የዶጀርስ የቤዝቦል ክለብ ባለቤት ዋልተር ኦማሊ እ.ኤ.አ. በ1957 ለመምህሩ ለጄምስ ሜሰን የጻፉት ደብዳቤ ነው። ኦማሊ በደብዳቤው ስታዲየምንና መሰል የስፖርት ተቋማትን ለመምራት በትምህርት የተዘጋጀ ሰው ከየት እንደሚገኝ ጠይቀው ነበር። ሜሰን ሐሳቡን ወደ ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ይዘውት ሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የመጀመሪያው የስፖርት አስተዳደር ማስተርስ ፕሮግራም በዚያ ተከፈተ። የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በ1971 ተከተለ።

በዚያው ዘመን ንግዱም እየተለወጠ ነበር። የሕግ ባለሙያው ማርክ ማኮርማክ እ.ኤ.አ. በ1960 የጎልፍ ተጫዋቹን አርኖልድ ፓልመርን ወክለው መሥራት ጀመሩ፤ ያቋቋሙት አይ.ኤም.ጂ. የተባለ ድርጅትም ለስፖርተኞች የውክልና ሥራ አርአያ ሆነ። በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ አዘጋጆች በፒተር ዩቤሮት መሪነት የስፖንሰሮችን ቁጥር ቀንሰው፣ ለእያንዳንዱ የንግድ ዓይነት አንድ ስፖንሰር ብቻ በመቀበል ዋጋውን አስወደዱ። የ1976ቱ ኦሊምፒክ ለሞንትሪያል ከተማ የረጅም ዘመን ዕዳ ጥሎ ሲያልፍ፣ የሎስ አንጀለሱ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትርፍ አስገኝቷል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም በ1985 ተመሳሳይ አሠራር ያለውን የዓለም አቀፍ ስፖንሰሮች ፕሮግራሙን መሠረተ።

የትምህርቱ ተቋማት ይህን ተከትለው ተጠናከሩ። የሰሜን አሜሪካ የስፖርት ማኔጅመንት ምሁራን ማኅበር በ1985፣ የአውሮፓው አቻው በ1993 ተቋቋሙ። በ1993 የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ በቢዝነስ ኮሌጁ ውስጥ የዋርሶው የስፖርት ማርኬቲንግ ማዕከልን ከፈተ። በዚያው ዓመት የበርናርድ ሙሊን፣ የስቲቨን ሃርዲና የዊልያም ሳተን «ስፖርት ማርኬቲንግ» የተሰኘ የመማሪያ መጽሐፍ ታትሞ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች መጠቀሚያ ሆነ። በአውሮፓ ከሚታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ የፊፋ ማስተር ነው፤ ከ2000 ጀምሮ በእንግሊዝ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ በሚገኙ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ይሰጣል።

ስፖርት ከሌላ ሸቀጥ የሚለይበት

ዘርፉ ከአጠቃላይ የማርኬቲንግ ትምህርት ተለይቶ መሰጠት አለበት የሚሉ ምሁራን ዋና መከራከሪያ የስፖርት ጠባይ ነው። የሳሙና አምራች የነገው ሳሙና ከዛሬው ጋር አንድ ዓይነት እንደሚሆን ቃል መግባት ይችላል። የክለብ የሽያጭ ኃላፊ ግን ቡድኑ እንደሚያሸንፍ፣ ኮከብ ተጫዋቹም እንደማይጎዳ ቃል መግባት አይችልም። ውጤቱ አስቀድሞ ቢታወቅ ደግሞ ተመልካች አይመጣም። ስለዚህ ሻጩ የሚሸጠው እርግጠኛ ያልሆነ ነገር ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የተወዳዳሪዎች ጥገኝነት ነው። ዳቦ ቤት ጎረቤቱ ያለው ዳቦ ቤት ቢዘጋ ደንበኛ ያገኛል። ክለብ ግን ተቀናቃኙ ቢፈርስ የሚጫወተው አይኖረውም። በዚህም ምክንያት ሊጎች የቴሌቪዥን ገቢን በጋራ ሸጠው ለክለቦች የሚያከፋፍሉበት አሠራር የትምህርቱ አንድ ርዕስ ነው። ሦስተኛው ልዩነት የጊዜ ጉዳይ ነው። ያልተሸጠ ወንበር ጨዋታው ሲጀመር ዋጋ ያጣል፤ ለነገ የሚቀመጥ አይደለም።

አራተኛው የደጋፊ ስሜት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአሜሪካን ፉትቦል ቡድናቸው ባሸነፈ ማግስት የዩኒቨርሲቲያቸው ስም ያለበትን ልብስ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ለብሰው እንደሚመጡ አሳይተዋል። ተማሪዎቹ ስለ ድል ሲናገሩ «እኛ» ይላሉ፤ ስለ ሽንፈት ሲናገሩ ግን «እኛ» ማለቱን ይቀንሳሉ። የማሊያ ሽያጭ ለምን ከውጤት ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ በሽንፈትም የማይርቅ ደጋፊ ለክለብ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ለማስረዳት ይህ ጥናት ዛሬም በክፍል ውስጥ ይጠቀሳል።

ሥርዓተ ትምህርት

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በቅድሚያ የማርኬቲንግ መሠረታዊ ትምህርት፣ ሂሳብ አያያዝ፣ ምጣኔ ሀብትና ስታቲስቲክስ ይማራል። ቀጥለው የሚመጡት የዘርፉ ኮርሶች በአብዛኛው የሚከተሉትን ያካትታሉ፦

የደጋፊ ጠባይ። ሰዎች ወደ ስታዲየም የሚመጡበትና የሚቀሩበት ምክንያት በመጠይቅና በትኬት ሽያጭ መረጃ ይጠናል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣን ተመልካች ሦስት ጊዜ ማስመጣት ከአዲስ ሰው ፍለጋ ብዙ ጊዜ እንደሚቀል ይማራሉ።

ዋጋ አወጣጥ። የሳን ፍራንሲስኮ ጃየንትስ የቤዝቦል ክለብ በ2009 በሙከራ፣ በ2010 ደግሞ በመላው ስታዲየሙ እንደ ተጋጣሚው ቡድንና እንደ ፍላጎቱ የሚለዋወጥ የትኬት ዋጋ ተግባራዊ አድርጓል። ተማሪዎች እንዲህ ያለ አሠራር ገቢን እንዴት እንደሚጨምር፣ ደጋፊን እንዴት ሊያስቀይም እንደሚችልም ይመረምራሉ።

ስፖንሰርሺፕ። ውል እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ የስፖንሰሩ ጥቅም እንዴት እንደሚለካ፣ ሳይከፍሉ የውድድሩን ስም የሚጠቀሙ ድርጅቶችም እንዴት እንደሚከላከሉ ያካትታል። ታዋቂው ምሳሌ የ1984 ኦሊምፒክ ነው። የይፋ ስፖንሰርነቱን ፉጂ ሲወስድ፣ ተፎካካሪው ኮዳክ ውድድሩን በሚያስተላልፈው የቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ስፖንሰር ሆኖ ብዙ ተመልካች ይፋ ስፖንሰር እንዲመስለው አድርጓል።

ሕግና ሥነ ምግባር። የንግድ ምልክት፣ የስርጭት መብትና የስፖርተኛ ምስል መብት ይጠናሉ። የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርተኞች ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ መፈቀዱ ለዚህ ኮርስ አዲስ ይዘት ጨምሯል። የሙስና ጉዳይም አለ፤ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2015 ከፊፋ ጋር በተያያዘ በከፈተው ክስ ከእግር ኳስ ባለሥልጣናት ጎን የስፖርት ማርኬቲንግ ኩባንያዎች ኃላፊዎችም ተከስሰዋል።

አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ከመመረቅ በፊት በክለብ፣ በፌዴሬሽን ወይም በማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ የሚደረግ የተግባር ልምምድ ይጠይቃሉ። የማስተርስ ተማሪዎች በተጨማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ለአንድ ድርጅት የሚያገለግል የጥናት ፕሮጀክት ያቀርባሉ።

የሥራ ዕድልና ክርክር

ተመራቂዎች በትኬት ሽያጭ፣ በስፖንሰርሺፕ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ፣ በውድድር ዝግጅት፣ በስፖርት ዕቃ አምራቾችና በስፖርተኞች ውክልና ይሠራሉ። በአሜሪካ ክለቦች ውስጥ የጀማሪ በር ብዙውን ጊዜ ስልክ እየደወሉ ትኬት መሸጥ ነው። ክፍያው ዝቅተኛ፣ ሥራውም ሌሎች በሚዝናኑበት በማታና በቅዳሜና እሑድ ነው። ኮከብ ተጫዋች አጠገብ መቀመጥን አስበው የተመዘገቡ ተማሪዎች ይህን ቀድመው ማወቅ እንዳለባቸው መምህራን ያሳስባሉ።

የዲግሪው ዋጋ አከራካሪ ነው። ተቺዎች እንደሚሉት ስፖርት የሚወድ ወጣት ብዙ በመሆኑ ለአንድ ክፍት ቦታ የሚያመለክተው ሰው ይበዛል፤ ይህም ደመወዝን ዝቅ ያደርጋል፣ ክፍያ የሌለው ልምምድንም ያስፋፋል። ያለ ክፍያ ወራት መሥራት የማይችል የድሃ ቤተሰብ ልጅ በዚህ ይጎዳል። አጠቃላይ የማርኬቲንግ፣ የሕግ ወይም የስታቲስቲክስ ዲግሪ ያለው ሰው እዚያው ሥራ መግባት ይችላል፤ ስፖርቱ ባይሳካለትም ሌላ በር አለው። ደጋፊዎች በበኩላቸው የስርጭት መብትንና የስፖንሰር ውልን የሚያውቅ ሰው በአጠቃላይ ትምህርት አይገኝም፣ በልምምድ የሚገኘው ትውውቅም ከዲግሪው ጋር አብሮ ይመጣል ይላሉ።

ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነጥብ አለ። የፕሮግራሙ ጥራት የሚለካው በስሙ ሳይሆን በያዘው የቁጥርና የሽያጭ ትምህርት፣ ተማሪውን በሚልክበት የልምምድ ቦታና ቀደምት ተመራቂዎቹ በሚሠሩበት ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በመቀሌና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል፤ ትኩረቱ በአብዛኛው በአሰልጣኝነት፣ በመምህርነትና በአካል ብቃት ላይ ነው። ማርኬቲንግ ደግሞ በቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጆች ይሰጣል። በዘርፉ መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ከሁለቱ በአንዱ ገብቶ ሌላውን በማስተርስ ወይም በሥራ ላይ ማሟላት ይችላል።

ለጥናት የሚሆን የአገር ውስጥ ጉዳይ ግን አለ። በአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የተሳትፎ ክፍያን፣ የስፖንሰርን ገንዘብና ለተሳታፊ የሚሰጥ ቲሸርትን አጣምሮ የሕዝብ ውድድርን ወደ ዘላቂ ድርጅት የቀየረ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በዲ.ኤስ.ቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ሊጉም የስፖንሰሩን የቤትኪንግን ስም ይዞ ነበር። የሕግን ተጽዕኖ የሚያሳየው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ነው፤ አዋጁ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ በመከልከሉ ለእግር ኳስ ስፖንሰር ይሆኑ የነበሩ ቢራ ፋብሪካዎች ስማቸውን የሚያስተዋውቁበት መንገድ ጠብቧል።

በርካታ የሊጉ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮች ወይም በመንግሥት ድርጅቶች በጀት ነው። እንዲህ ያለ ክለብ ትኬትና ማሊያ ሸጦ የመኖር ግዴታ ስለሌለበት የማርኬቲንግ ባለሙያ የሚቀጥርበት ምክንያት ትንሽ ነው፤ በጀቱ በተቋረጠ ጊዜ ግን የሚተካው ገቢ አይኖረውም። እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ያሉ ብዙ ደጋፊ ያላቸው ክለቦች ባሉበት አገር፣ ይህን ድጋፍ ክለቡን ወደሚያኖር ቋሚ ገቢ መለወጥ የትምህርቱ ጠቀሜታ በተግባር የሚፈተንበት ጉዳይ ነው።